ሞቶም ያልሞተው ጀግናችን

አንባቢ ሆይ፤ ለታናሽ ወንድሜ ሳልነግረው ዐሥራ ሦስት ዓመት የያዝሁት ነገር ነበረኝ። ገንዘቡን አልወሰድሁበትም፤ በስሙም አልተበደርሁም። ነገሩ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከክብራችሁ ዝቅ ያለ ወሬ መስሎ ከታያችሁ ገጹን ገልጣችሁ ብታልፉ አልቀየምም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ፈተና ደርሶበት ሳለ ሌሊቱን በጨዋታ ያነጋ ተማሪ፣ ወይም በማግሥቱ መዝገብ ላይ ያንቀላፋ ጸሐፊ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ለእርሱ እጽፋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ድራገን ኤጅ ኦሪጂንስ የተባለውን ጨዋታ በካናዳ ኤድመንተን ከተማ ያለው ባዮዌር የተባለ ኩባንያ በ2009 ዓ.ም. አወጣው። እኛ ያገኘነው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዲስኩን ከየት እንዳገኘነው አትጠይቁኝ። ወንድሜ ያን ጊዜ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔም ሥራ ከያዝሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያለን አንድ ወንበር ስለ ሆነ እርሱ በወንበሩ፣ እኔ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠን፣ ማውሱን እየተቀባበልን ሁለት ወር ያህል ተጫወትን። የጀግናችንን ፊት እንኳ አፍንጫውን እርሱ፣ ጢሙን እኔ መርጠን ነው ያበጀነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ፌረልደን በምትባል አገር ነው። ከምድር በታች የወጣ የርኩሳን ሠራዊት አገሪቱን ይወራል፤ መሪው አንድ ታላቅ ዘንዶ ነው። ይህን ዘንዶ ለዘለዓለም ሊያጠፋው የሚችለው ግሬይ ዋርደን ከሚባሉት ዘበኞች አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የዘንዶው ነፍስ ወደ ገዳዩ ትገባና ሁለቱም በአንድነት ይጠፋሉ። በጦርነቱ ዋዜማ ሌሊት ሞሪጋን የምትባል ጠንቋይ ወደ ጀግናው ክፍል ትመጣለች። ከዘበኞቹ አንዱ ከእኔ ጋር ይደርና ልጅ ልፀንስ፤ የዘንዶው ነፍስ ወደ ፅንሱ ትገባለች፤ ማንም ሰው አይሞትም ትላለች። እሺ ወይም እምቢ ማለት የተጫዋቹ ፈንታ ነው።

«እምቢ በላት!» አለ ወንድሜ። «ጋሼ፣ ለአገር የተዋጋ ሰው በጠንቋይ ተንኮል ነፍሱን ያድናል እንዴ?»

እምቢ አልናት። ጥላን ሄደች። በማግሥቱ ጦርነት ጀግናችን ሰይፉን በዘንዶው ላይ ሰክቶ አብሮት ሞተ። ቀብሩ ላይ ወዳጆቹ ቆመው ሲናገሩለት ወንድሜ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ እንዳላየሁ ሆንሁ። ከዚያ ተኛ።

እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያን ሰው ሁለት ወር ሙሉ ከቢሮ ስመለስ ስጠብቀው፣ ጋሻ ስገዛለት፣ ቁስሉን ሳድንለት ከርሜአለሁ። ተነሥቼ ማሽኑን ከፈትሁና ከዋዜማው ሌሊት የተቀመጠውን ፋይል መለስሁ። ሞሪጋን መጣች፤ እሺ አልኋት። ዘንዶው ሞተ፤ የእኛ ሰው ግን ዳነ። ሲነጋጋ አጥፍቼ ተኛሁ። ወንድሜ ጧት ለጓደኞቹ የጀግናውን ሞት ሲተርክላቸው ሻይ እየጠጣሁ ዝም አልሁ።

እንግዲህ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ችግሩ ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ነው። የመጽሐፍ ደራሲ በመጀመሪያው ቅጽ ማን እንደ ሞተ እርሱ ብቻ ያውቃል። የጨዋታ ደራሲ ግን ምርጫውን ለተጫዋቹ ስለ ሰጠ፣ በእናንተ ቤት የሞተው ሰው በጎረቤታችሁ ቤት ነግሦ ሊገኝ ይችላል። ሁለት መንገድ ያለው ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ቢቀርብ 1,024 ዓይነት ዓለም ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ንግግር መጻፍና ተዋናይ ማናገር ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ክፍል የተቀመጠውን ፋይል አንብቦ የሚያስፈልገውን ጥቂት ነገር ብቻ ይወስዳል፤ ሌላውን በዝምታ ያልፈዋል። ሲቸግር ደግሞ ደራሲዎቹ ራሳቸው ይሽሩታል። በመጀመሪያው ክፍል ሌሊያና የምትባለውን ሴት መግደል ይቻላል፤ በሦስተኛው ግን ስለምታስፈልጋቸው፣ የገደላት ሰው ሳይቀር በሕይወት ያገኛታል።

ሌሎች ኩባንያዎችም በየፊናቸው መላ ፈጥረዋል። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው የኒንቴንዶ ዜልዳ ክፍሎቹ እንዴት እንደሚያያዙ ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን በታተመ መጽሐፍ ዘመኑ በሦስት ቅርንጫፍ ተከፈለ፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ጀግናው ተሸንፎ ቢሆን የሚል ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የኤልደር ስክሮልስ ነው። ዳገርፎል የተባለው ሁለተኛ ክፍል በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ዓይነት ፍጻሜ ነበረው፤ አንድ ግዙፍ የናስ ፍጡር የሚታዘዝበትን ዕቃ ለፈለጋችሁት መንግሥት መስጠት ትችሉ ነበር። የቱ ፍጻሜ እውነት ነው ለሚለው ጥያቄ በኋላ የመጡት ክፍሎች የሰጡት መልስ «ሁሉም» የሚል ነው፤ ጊዜ ራሱ ተሰብሮ ፍጻሜዎቹ በአንድነት ደረሱ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሳቅሁ። ኋላ ግን በእኛም ቤት አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሞቶም ድኖም እንደ ነበረ ትዝ ሲለኝ ሳቄን ዋጥሁ።

የእኛ ፋይሎች አልቆዩም። ማሽኑ በ2013 ዓ.ም. ተበላሽቶ ጠጋኙ ዘንድ ስወስደው ዲስኩን ፎርማት አድርጎ መለሰልኝ፤ ሁለቱም ፍጻሜዎች አብረው ሄዱ። በዚያው ዓመት ወንድሜ ወደ ስቶክሆልም ሄደ። ሦስተኛው ክፍል ኢንኩዊዚሽን በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ፋይሉ ቢኖረንም አይጠቅመንም ነበር። ጨዋታው በአዲስ ሞተርና በአዲስ ማሽኖች ስለ ተሠራ የዱሮውን ፋይል አያነብም። በምትኩ ድራገን ኤጅ ኪፕ የሚባል በኢንተርኔት የሚከፈት ሥዕላዊ መዝገብ አዘጋጁ፤ ያለፈውን ታሪክ እያስታወሳችሁ በእጃችሁ ትሞላላችሁ። ንጉሡ ማነው? ማን ሞተ? ማን ዳነ? ማስረጃ አይጠየቅም፤ ያላችሁት ሁሉ ይጸድቃል።

ወንድሜ ከዚያው ሆኖ ጨዋታውን ገዛልኝና መዝገቡን በስልክ አብረን መሙላት ጀመርን። ከሞሪጋን ጥያቄ ስንደርስ እጄ ቆመ።

«ሞቷል በላ! ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «በቀብሩ አይደል ያለቀስሁት?»

ሞቷል ብዬ ሞላሁ። በሌሎች ሰዎች ጨዋታ ሞሪጋን ወደ ተራራው ምሽግ ስትመጣ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ወደ እኔ ብቻዋን መጣች። ደጋግሜ አጠገቧ ሄጄ አነጋገርኋት፤ ስለ ልጅ አንዳች የምትለው አልነበራትም።

ከዚያ ዐሥር ዓመት ጠበቅን። አራተኛው ክፍል ቬልጋርድ በጥቅምት 31 ቀን 2024 ዓ.ም. ሲወጣ ያለፈውን ታሪክ በሚመለከት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ሦስቱም የኢንኩዊዚሽን ናቸው። የፌረልደን ንጉሥ ማን እንደ ሆነ፣ ዘንዶውን የገደለው ሰው ይኑር ይሙት፣ ጠያቂ የለውም። ሞሪጋን ራሷ በጨዋታው ውስጥ አለች፤ ልጇ ግን አይነሣም። ብዙ ሰው ተቈጣ። እኔ ደራሲዎቹን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልቻልሁም፤ ታሪኩ ወደ ሰሜን አገር ሄዷል፣ ጀግናውም ሌላ ነው፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ዕዳ ተሸክሞ መጻፍም ቀላል አይደለም። ቢሆንም መልሱን ባይጠቀሙበት እንኳ ጥያቄውን ሊያስቀሩት ባልተገባ ነበር እላለሁ። ያ የኪፕ መዝገብ አብዛኛውን መልስ የትም አያደርሰውም ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ወንድማማች ማታ በስልክ ቁጭ ብለው ማን ምን እንዳደረገ እንዲነጋገሩ ያስገድድ ነበር።

ወንድሜ በዚያ ሰሞን ደወለ።

«ስለ እኛ ሰው ምን ጠየቁህ?»

«ምንም።»

«ስለ ሞቱም?»

«ስለ ሞቱም አልጠየቁኝም» አልሁና፣ ያን የ2011 ዓ.ም. ሌሊት ከነፋይሉ ነገርሁት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ልጁ የማን ነው?»

«የእኛው ሰው ነው።»

«ስሙስ?»

«ኪራን ይሉታል። እኔም አይቼው አላውቅም።»

ሦስተኛውን ክፍል እንደ ገና እንድጀምረው፣ መዝገቡንም እንዳስተካክለው አዘዘኝ፤ መልኩን በፎቶግራፍ አንሥቼ ልልክለት ቃል ገባሁ። ከቢሮ ስመለስ በየማታው አንዳንድ ሰዓት እጫወታለሁ። ይህን ስጽፍ ሞሪጋን ገና አልመጣችም።