የተማሪው ደጅና የሰፋሪው መንደር

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው መጤነትንም አስተናጋጅነትንም ያውቃል። ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ወላጆቹና አያቶቹ ደግሞ የድጓ ትምህርት ፍለጋ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ወደ ታች ጋይንት ቤተልሔም የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ ለዘመናት ሲያበሉ ኖረዋል።

ይህ ተማሪ የማንም ዘመድ አይደለም። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ፣ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ እመቤቲቱ ከልጆቿ ድርሻ ላይ ቁራሽ ትቆርስለታለች። በችግር ዓመት እንኳ ባዶ እጁን መመለስ ይከብዳታል። ጎጆው ከየኔታ ጉባኤ አጠገብ ናት፤ ቢያጠፋ ለየኔታ ይነገራል። ታቦት ሲነግሥ ማኅሌት ይቆማል፤ ከመካከላቸው አግብቶ፣ መሪጌታ ተብሎ እዚያው የሚቀርም አለ። የመጣው ሰው ተጠያቂ አለው፣ አገሬውም ከእሱ የሚያገኘው አለ። ፍቅሩ የጸናው በዚህ ይመስለኛል።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ የተጎዳውን ገበሬ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋና ከሌላም ቦታ ጭኖ ጣና በለስ፣ ፓዌ አካባቢ ሲያሰፍር፣ መሬቱ ባዶ ነው ተባለ። ባዶ አልነበረም! ጉሙዙ አርሶ የሚያሳርፈው፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት መሬት ነበር። መንደሮቹ በቁጥር ተጠሩ፤ ባለአገሩን ግን ማንም አላማከረውም። ሰፋሪውም ብዙው ወዶ የሄደ አይደለም፤ ወባው ስንቱን እንደጨረሰ የፓዌ ሰው ይናገር።

በ2013 ዓ.ም. መተከል ላይ ያ ሁሉ ግድያ ሲፈጸም ስንቱ አማራ፣ አገውና ሺናሻ ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ ብዙው ቻግኒ ተጠለለ። ጉሙዙም ተገደለ፣ ጫካ ገባ። የሰፈራው ታሪክ ብቻውን ይህን አመጣ አልልም፤ የፖለቲካውም የመሣሪያውም እጅ አለበት። ሰፈራው ግን ቂም ተክሏል።

ሆኖም በዚያው በመተከል ምድር ጉሙዝና ኦሮሞ «ሚቹ» የሚሉት የወዳጅነት ኪዳን አላቸው፤ በኪዳኑ የተሳሰሩ አንዱ ለሌላው ከለላ ይሆናሉ። የደም ጠብ በሽማግሌ የሚፈታበት የጉሙዞች «ማንጊማ» ሥርዓትም አለ።

ስለዚህ ተፈናቃይ ሲመለስ እርቁ በአዳራሽ ስብሰባ ሲጀመር ያሳዝነኛል። መጀመሪያ የጉሙዝ ሽማግሌና የሰፋሪው ሽማግሌ መሬቱን አብረው ይዙሩት። የትኛው የአያቶቹ ማሳ እንደነበር ጉሙዙ ይናገር፤ 40 ዓመት ገደማ ያረሰውን ሰፋሪው ያሳይ። ድንበሩን ራሳቸው ያስምሩ፣ መንግሥትም ይጻፍላቸው።