ጠለፋው ከነቀምት ሲታይ

ነቀምት መናኸሪያ አካባቢ ቡና ቤት ውስጥ የአውሮፕላን ጠለፋ ወሬ ከተነሳ ሁሉም ጀግና ነው። አንዱ ጠላፊውን በቦክስ ይዘርረዋል፣ ሌላው ከኋላ አንቆ ይጥለዋል። ቶናው ሳይቀዳ ጠላፊዎቹ በሙሉ ታስረዋል። እነዚሁ ጀግኖች በማግስቱ ጠዋት ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ሲጠይቃቸው ዝም ብለው ይከፍላሉ።

*

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠለፉት። አሥራ አንድ ነን፣ ቦምብ ይዘናል፣ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግሯቸው የአየር መንገዱን መጽሔት አምጥተው አውሮፕላኑ 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል አሳዩአቸው። የታተመውን ሁሉ የሚያምን አንባቢ ለጸሐፊ ሲሳይ ነው፤ ያን ቀን ግን መሃይም ቢሆኑ ይሻል ነበር።

*

ልዑል ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፈዋል። ለሦስተኛ ጊዜ የኮክፒቱ በር ተበርግዶ ጠላፊ ሲገባ የሰው ልብ ምን ይላል? እሳቸው ወደ ደቡብ የአፍሪካን ዳርቻ ይዘው ነጎዱ። ጠላፊዎቹ ነቅተው ወደ ባሕሩ እንዲዞሩ ሲያስገድዷቸው፣ የታዘዙ መስለው አፍንጫውን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አዞሩ። እንዲህ ያለው ድፍረት ከሩቅ ሲያዩት ታዛዥነት ይመስላል፤ ቡና ቤት ውስጥ የማይወራውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

*

አንዱ ሞተር ሲጠፋ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ነዳጅ ማለቁን ተናግረው መንገደኞቹ ጠላፊዎቹን እንዲጋፈጡ ጠየቁ። ጠላፊዎቹ ግን እስከ መጨረሻው እጅ አልሰጡም። በመንገደኞቹ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ “ቦምቡ” የመጠጥ ጠርሙስ መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው። የ1977ቱን የኮረም ረሃብ ለዓለም ያሳዩት ኬንያዊው የፎቶ ጋዜጠኛ መሐመድ አሚንም እዚያው ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጃቸውን አጥተዋል። የተረፉ ሰዎች እንደተናገሩት እኒህ ባለ አንድ እጅ ሰው እስከ መጨረሻው ቆመው ጠላፊዎቹን ይሟገቱ ነበር።

*

እኔ ግን ሐውልት አቁም ብባል የረዳት አብራሪው የዮናስ መኩሪያን አቆማለሁ። ጠላፊዎቹ ደብድበው ከኮክፒት አስወጧቸው። ከመንገደኞቹ ጋር ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግን ካፒቴኑን ለማገዝ ተመልሰው ገቡ። ያን በር ሁለተኛ ጊዜ ያለፉት ከውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ነው።

*

አውሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር፤ ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው። የተረፉት ሃምሳ ሰዎች ለብዙዎች ባለዕዳ ናቸው፦ ለአቅራቢያዋ የሚትሳሚዩሊ ከተማ ነዋሪዎች፣ በባሕር ዳርቻው ሆቴል ላረፉ ቱሪስቶች፣ ጀልባቸውን ይዘው ለሮጡ ጠላቂ ዋናተኞች። ዓለም የሚያስታውሰው ግን አውሮፕላኑ ባሕሩን ሲመታ የሚያሳየውን ፊልም ነው።

*

ከዚያ ቀደም በየካቲት 1985 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረውን የሉፍታንዛ አውሮፕላን አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ጠልፎ ኒው ዮርክ አሳረፈው። በመጨረሻ ሽጉጡን በካፒቴኑ የፀሐይ መነጽር ለወጠ። ሽጉጡም ሐሰተኛ ነበር፤ መነጽሩ ግን እውነተኛ ነው።

*

ወለጋ ለሰማዩ እንግዳ አይደለም። ነጆና መንዲ ሳይቀሩ እንደ ነቀምትና ደምቢ ዶሎ በዓለም አቀፉ የኤርፖርቶች መዝገብ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላቸው። በእኛ ዘመን ግን ሰው የሚታገተው በመንገድ ነው። የበረራ ሠራተኛ ስለ ጠለፋ ይሠለጥናል፤ የጊምቢ መስመር ሾፌር ሥልጠናው ቀድሞት ላለፈው ሾፌር ደውሎ “መንገዱ እንዴት ነው?” ማለት ነው። “ሰላም ነው” ከተባለ ረዳቱ መጣራት ይጀምራል።

*

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። አንዲት ተማሪ አመለጠች፤ እንደተናገረችው ጫካ ለጫካ ቀናት ተጉዛ አንድ አዛውንት አግኝታ ረድተዋታል። ስለ እሷ ድፍረት ብዙ ተብሏል፤ ይገባታል። እኔ የማስበው አዛውንቱን ነው። አብራሪ አውሮፕላኑን ካሳረፈ ከጠላፊው ጋር ይለያያል። እኒህ ሰው ግን ልጅቷን ከሸኙ በኋላም የሚኖሩት እዚያው ጫካ አጠገብ ነው። ካፒቴን ልዑል በዓለም አቀፍ መድረክ ተሸልመዋል። አዛውንቱን ልሸልም ብሎ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ቢኖር፣ ያን ዕለት ያልደረሰባቸውን አደጋ እሱ ያመጣባቸዋል።