መካኒኩ አምበል

እናንተም ቤት ኳስ የሚወድ ልጅ ካለ፣ ይሄ ታሪክ አዲስ አይሆንባችሁም።

ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ባሌ ሮቤ ከአባታችን ጋር ይኖራል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ጥር ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ አባዬ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ "ስንዴውን ልሸጠው ነው" አለኝ። አንድ ደላላ ልጁን አዲስ አበባ ወስዶ ለአንድ ክለብ ሙከራ ሊያስገባው ቃል ገብቶ ኖሯል። በነፃ ግን አይደለም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰውየው የላከውን መልእክት ከወንድሜ ስልክ ላይ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ "ቦታው እየሞላ ነው፣ እስከ ዓርብ ወስኑ" ይላል። እኔም የቅናሽ ማስታወቂያ ስጽፍ የምጠቀምባት ዘዴ ናት። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። የሚሸጠው የአባቴ የዓመት ልፋት ነው።

ማታ ቡና ላይ ሉቺያኖ ቫሳሎን አነሳሁበት። አያውቀውም። የአውሮፓ ተጫዋቾችን ከነተቀያሪዎቻቸው የሚቆጥር ልጅ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳልንን አምበል አያውቀውም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። ሁለት ጊዜ መሩን፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን፣ ከዚያ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሉቺያኖ ራሱ 2 ለ 2 አደረጋት። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

"ታናሽ ወንድሙ?" አለኝ። ጆሮውን የያዘችልኝ እሷ ናት።

ሉቺያኖ አስመራ ነው የተወለደው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ኳስ እየተጫወተ በባቡር ድርጅት መካኒክ ነበር። በኋላ ድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫወተ፣ አሠለጠነም። በደርግ ጊዜ አገሩን ጥሎ ጣሊያን ሲገባ ዋንጫው እንጀራ አልሆነለትም። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፈተ፤ ልጆችንም ኳስ ያስተምር ነበር። መስከረም 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ 87 ዓመቱ ነበር።

"እሱኮ ጋራዥ የከፈተው ዋንጫ ካነሳ በኋላ ነው" አለኝ ወንድሜ።

"መፍቻ የያዘው ግን ከዋንጫው በፊት ነው።"

ዝም አለ። አባዬም ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ደግሞ ቤቱ ሁሉ ነው ዝም የሚለው።

በማግስቱ ትራክተርና ኮምባይነር የሚጠግኑ አንድ የሠፈራችን ሰው ጋ ሄድን። ከትምህርት መልስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲመጣ ተስማሙ። ልምምዱ አይነካም፣ ስንዴውም አይሸጥም። ዓርብ አለፈ። ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሎ ተወን።

አሸነፍኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ወንድሜ ለሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። ሌሊት ሌሊት፣ ሰውየው እውነቱን ቢሆንስ? እያልኩ እገላበጥ ነበር። ዕድል በየዓመቱ በር አያንኳኳም፤ እኔ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ደመወዝ እየበላሁ፣ በሰው ልጅነት ላይ ወሰንኩ። አባዬን ስጠይቀው "ይበላል፣ ይተኛል" ብቻ ነው መልሱ።

ባለፈው ሐሙስ ቢሮ ስብሰባ ላይ እያለሁ ፎቶ ላከልኝ። እስከ ክርኑ ግሪስ የተቀባ እጅ፣ ከሥሩ ማሰሪያው ያልታሰረ የኳስ ጫማ። ከሥዕሉ በታች እንዲህ ይላል፦

"ቅዳሜ ከጎባ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን። ትመጫለሽ?"

ለዓርብ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።