መካከለኛው ማጠፊያ

የምሠራው ፍራንክፈርት፣ ፍሉግሃፈን ነው። አውሮፕላን ላይ ጭነት እጭናለሁ። 11 ዓመት ሙሉ በትልልቅ ክንፎች ሥር ተመላልሻለሁ። ክንፍ እንዴት እንደሚሠራ የተማርኩት ግን ሥራ ቦታ አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለችው በኬልስተርባኽ፣ በጎረቤታችን ጋራዥ ውስጥ ነው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ አናጺ ናቸው። ልጄ “ጋሼ” ትላቸዋለች። ጋሼ ማለት በዕድሜ የሚበልጠንን ወንድ በአክብሮትና በፍቅር የምንጠራበት ቃል ነው። ትርጉሙን ከነገረቻቸው ወዲህ፣ ስትጠራቸው ፊታቸው ይበራል።

ጋሼ በጋራዣቸው ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ የእንጨት አውሮፕላን እየሠሩ ነው። ስምንት ዓመት ሆናቸው። በጀርመን እንዲህ ያሉ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ የሚጠራውም በኦስካር ኡርሲኑስ ስም ነው። ኡርሲኑስ በ1908 እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥ “ፍሉግሽፖርት” የተባለ የበረራ መጽሔት የጀመረ መሐንዲስ ነበር።

ካለፈው ኅዳር ጀምሮ እኔና ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እናግዛቸዋለን። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፤ እሷ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። እንዲህ ነው የምንግባባው።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ የቀኙን ኤሌሮን እንድገጥም ሰጡኝ። ኤሌሮን በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ክፍል ነው። የግራው ከፍ፣ የቀኙ ዝቅ ሲል አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከክንፉ ጋር የሚይዙት ሦስት ማጠፊያዎች ናቸው። የቤታችሁን በር ክፈቱና ጠርዙን ተመልከቱ፤ እዚያ ያለው ብረት ማጠፊያ ይባላል። ሦስቱ ማጠፊያዎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ከመስመሩ ከወጣ፣ ሌሎቹ ልክ ቢሆኑም ኤሌሮኑ አይታጠፍም።

እኔ ደግሞ የመካከለኛውን ቀዳዳ ስለካ ከተሳሳተ ጠርዝ ጀመርኩ። ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ወረደ። ኤሌሮኑን ገጥሜ በእጄ ከፍ ሳደርገው መንገድ ላይ ያዘ። ገፋ ሳደርገው እንጨቱ ሲጥጥ አለ።

ጋሼ ቡና ሊያፈሉ ገብተው ነበር። ሞረድ አነሣሁ። የማጠፊያውን ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ባደርገው ፒኑ ይገባል፤ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ።

“አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?” አለች ልጄ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

“ቀዳዳውን ላሰፋው ነው።”

“ጋሼ ያውቃሉ?”

ዝም አልኩ። ከአንድ ወር በፊት የሒሳብ ፈተናዋን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ አግኝቼ ተቆጥቼ ነበር። “መሳሳት ነውር አይደለም፤ መደበቅ ነው ነውሩ” ብያታለሁ። አሁን ሞረዱ በእኔ እጅ ነው።

ሞረዱን አስቀመጥኩ። ጋሼ ሲመለሱ እውነቱን ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ግን ሞረዱን አንሥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። “ቀዳዳው ከሰፋ ፒኑ ይላላል” አሉ። “የላላ ኤሌሮን በፍጥነት ሲበር መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። መንቀጥቀጡ ከበረታ ክንፉን ይሰብራል። መሬት ላይ ግን ምንም አይታይም።”

ከዚያ ለተቆጣጣሪው ደወሉ፤ ያለ እሱ ፈቃድ የክንፍ እንጨት አይነካምና። ሲፈቅድ መካከለኛውን ማጠፊያ ፈታን። በዳርና በዳር ባሉት ማጠፊያዎች ውስጥ ቀጥ ያለ ረጅም የብረት ዘንግ አሳለፍን። የተሳሳተውን ቀዳዳ በጠንካራ እንጨትና በሙጫ ደፈንነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማጠፊያውን ዘንጉ ላይ ሰክተን፣ ዘንጉ ባሳየን ቦታ አዲስ ቀዳዳ በሳን። ሜትር አላስፈለገንም።

በዚያው ቀን ቡና ስንጠጣ ጋሼ “በአገራችሁ አውሮፕላን ተሠርቶ ያውቃል?” ብለው ጠየቁ። ልጄ ቀደመችኝ። ስለ “ፀሐይ” ነገረቻቸው። ፀሐይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሉድቪግ ቬበር በተባለ ጀርመናዊና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የተሠራች አውሮፕላን ናት። ስሟ የተወሰደው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ጣሊያኖች ወስደዋት ብዙ ዓመት ጣሊያን ውስጥ በሙዚየም ቆየች፤ በጃንዋሪ 2024 ጣሊያን ለኢትዮጵያ አስረከበቻት።

እኔም ስለ አስመላሽ ዘፈሩ ጨመርኩ። በ2015 የፎልክስቫገን መኪና ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን በራሱ ሠርቶ “ኬ-570ኤ” ብሏታል። “ኬ” የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ነው፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። ጋሼ ሳቁና “እኔስ ስንት ብዬ ልሰይማት ነው?” አሉ።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ኤሌሮኑን በአንድ ጣቱ ገፋው። ያለ ድምፅ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ መዝገቡን ከፈተ። ጋሼ ሁሉንም ጽፈውታል፦ ቀኑን፣ ስህተቱን፣ እርማቱን፣ የእኔንም ስም። ስሜ ከስህተቴ ጋር ሲነበብ መጀመሪያ አፈርኩ። ተቆጣጣሪው ግን ራሱን ነቀነቀና ፈረመ።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላል አገራችን። እሳት ገና ትንሽ ሳለ በቅጠል ይጠፋል ማለት ነው። የእኔ እሳት ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር።

ትናንት ማታ ልጄ የሒሳብ ፈተናዋን እራት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ውጤቷ አራት ነው፤ እዚህ ጀርመን አራት የሚያስደስት ውጤት አይደለም። ላኮርፍ ነበር። እሷ ግን እርሳስ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

“አባዬ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አብረን እንፈልግ?”

ወንበሬን ጠጋ አደረግኩ።