«ይሰማል፣ ግን አይሰማም!» ከእንጦጦ እስከ መካኒሳ

ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሽሮ ሜዳ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ሜክሲኮ… ከዚያ በሳር ቤት አድርጎ መካኒሳ። እኛ ለሀበሻ ቀሚስ፣ ለማኪያቶና ለቀጠሮ እንመላለስበታለን። አፉን ያልፈታ ልጅ ያዘለች እናት ግን ይህንኑ መንገድ በሌላ ካርታ ነው የምታውቀው። አናቱ ላይ ጸበል፣ ወገቡ ላይ ሐኪም ቤት፣ እግሩ ሥር መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት። ሰሞኑን እኔም በዚህ ካርታ ቁልቁል ወረድኩ። «እኛ ገና መች ወለድንና!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት ታዲያ፤ የእህታችሁን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጫውተው ማን ሆነና ነው?

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ተጠምቀው ከሚመለሱት መካከል የ3 ዓመት ልጇን በጋቢ ከጠቀለለች ወጣት እናት አጠገብ ተቀመጥኩና ወሬ ጀመርን። «ስጠራው አይዞርም» አለችኝ። «የብስኩት ላስቲክ ጓዳ ሲንኮሻኮሽ ግን ከሳሎን ይበራል። ይሰማል፣ ግን አይሰማም!» አማቷ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይሏታል። ጎረቤቷ «ስልክ ነው ያደነዘዘው» ትላለች። ሌላዋ ዓይነ ጥላ ነው ባይ ናት። በዚህ መሐል ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። ጸበሉን ተዉ የምል ሰው አይደለሁም፤ ጸበሉና የጆሮ ምርመራው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢደረጉ አይጣሉም።

እያወራን ልጁን አየው ነበር። ውሃ ሲጠማው የእናቱን እጅ አንጓው ላይ ያዘና የጠርሙሱ ክዳን ላይ አስቀመጠው። ፊቷን ቀና ብሎ አላየም። እጇ መክፈቻ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አምና በዚሁ መንገድ አብራኝ የተጓዘች ሕፃን ትዝ አለችኝ። 4 ዓመቷ ነበር። ትጮኻለች፣ ትማታለች፣ ሲጠሯት አትመጣም፤ ስለዚህ ሰፈሩ ተሰብስቦ «ኦቲዝም ነው» ብሎ ፈርዶባታል። በግ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ በጣቷ ጠቆመች፤ ዞር ብላ እናቷን አየች፤ እንደገና በጎቹን… እንደገና እናቷን። «አየሽልኝ?» ማለቷ እኮ ነው! ይህቺ የዓይን ምልልስ ትንሽ ነገር እንዳትመስላችሁ። ብዙ ሕፃናት በ14 ወር ገደማ የገረማቸውን ነገር በጣት ማሳየት ይጀምራሉ። መስማት የተሳነው ልጅም ያሳያል፤ እንዲያውም ቃል ስለሌለው በጣት፣ በፊትና በትከሻ ያካክሰዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከቃሉ ጋር ይህ ማጋራትም ይሳሳል። የሕፃኗ ጩኸት የሚገባት ሰው ማጣት ነበር። ስትመረመር ከባድ የመስማት ችግር ተገኘባት።

«እንግዲያው ድስት አንኳኩተን እንሞክራቸዋ!» ትሉ ይሆናል። ኧረ ተዉ! ልጁ ጥላችሁን አይቶ ወይም የወለሉ ንዝረት እግሩን ነክቶት ይዞራል። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ በከፊል የሚሰማው ነው። ወያላው በሩን «ድው!» ሲያደርገው ይደነግጣል፣ የአይሱዙው ሞተር ይደርሰዋል፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች፣ እነ ሰ፣ እነ ፈ፣ እነ ሸ ግን አይደርሱትም። ቃል ሁሉ ተሸራርፎ ነው የሚገባለት። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ልጅም አለ፤ ጉንፋን ሲይዘው ጆሮው ይደፈናል፣ ሲሻለው ይከፈታል። እናት ታዲያ «ትናንት ደህና ሰምቶኛል» ብትል አትዋሽም።

«ድሮ ይንተባተብ ነበር፣ ከዚያ ተወው» የሚባለውም ነገሩን አይለየውም። ከመወለዱ ጀምሮ የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያሰማል፣ ኋላ ነው የሚቀንሰው። ኦቲዝም ካለባቸውም አንዳንዶቹ የጀመሯቸውን ቃላት በሁለተኛ ዓመታቸው ይጥላሉ። ማጅራት ገትርም ያወራ የነበረን ልጅ ጆሮ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

መደናገሩ የሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ባልቲሞር፣ አሜሪካ፣ አንድ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን በ11 ልጆች ላይ አይቶ ሲጽፍ፣ ከልጆቹ አንዳንዶቹ አስቀድሞ «አይሰሙም» የተባሉ ነበሩ።

ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ ታክሲው ግማሹን ሰው አራገፈ። ሰፈሩ የሐኪም ሰፈር ነውና የምርመራውን ነገር እዚሁ ልንገራችሁ። የሚፈለገው የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው። «ልጁ አልተባበርም ብሎ ሳይመረመር ተመለሰ» ሲባል ትሰማላችሁ። ግን የልጁን ፈቃድ የማይጠይቅ ምርመራ አለ እኮ! አንደኛው ለስላሳ ውታፍ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ድምፅ ይልክና ከውስጠኛው ጆሮ የሚመለሰውን ማሚቶ ያዳምጣል። ሌላው ልጁ ተኝቶ ሳለ ጭንቅላቱ ላይ በሚለጠፉ ነገሮች ድምፁ አንጎል ጋ መድረስ አለመድረሱን ይመዘግባል። መሣሪያው ሁሉም ቤት የለምና ሳትሳፈሩ ደውላችሁ ጠይቁ። ለሁለተኛው ልጁን በእንቅልፍ ጥም አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ታክሲ ውስጥ እንዳያንቀላፋባችሁ ብቻ! እዚያ ደርሶ ዓይኑ ቦግ ካለ ቀጠሮው ገደል ገባ።

ጆሮው ደህና ከሆነ «ተመስገን» ብሎ ቤት መግባት የለም፤ ቀጣዩ የልጆችን ዕድገት የሚያይ ባለሙያ ነው። ኦቲዝም ላይ የሚሠራው የአዲስ አበባው ጆይ ማዕከል በአንዲት እናት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ጆሮው ችግር አለበት ከተባለም ኦቲዝሙ ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ ይገኛሉ።

ከሜክሲኮ መካኒሳ መንገዱ ከተጨናነቀ ቤንዚን እንጂ ትዕግሥት አይበቃም። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አካባቢ ልጆች ሲወጡ ቆማችሁ ብታዩ «ዝምታ» የሚባል ነገር የለም። እጅ ይሮጣል፣ ቅንድብ ይወጣል ይወርዳል፣ ሐሜቱ ሳይቀር በጣት ነው። «ምልክት ከለመደ አያወራም» የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። ምልክት ቋንቋ ነው፤ የሚጎዳው ልጁን ያለ ምንም ቋንቋ 5 ዓመት ማስቀመጡ ነው።

ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ተጣልተዋል። አንደኛው ክርክሩ ሲመረው ዓይኑን ጨፈነ፤ አልሰማህም ማለቱ ነው። ጓደኛው አገጩን ይዞ ፊቱን ወደ ራሱ አዞረና ንግግሩን ቀጠለ።