ከአስፋልቱ በፊት ያለው መንገድ

ሰርቪስ የሚያገኝ ተማሪ በእግሩ አይሄድም ተብሎ ይታሰባል። በሶማሌ ክልል ባለችው የደገሀቡር ከተማ ዙሪያ ግን ሚኒባሱም ባጃጁም የሚደርሱት መንገድ እስካለበት ድረስ ብቻ ነው። ከጅግጅጋ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ከተማዋን የሚያገኛት አስፋልት ወደ ቀብሪደሃር ይቀጥላል፤ ግራና ቀኙ አሸዋና እሾህ ነው። ከዚያ የሚመጣ ልጅ ከመሳፈሩ በፊት በእግሩ ይጓዛል፣ ሲመለስም ከመኪናው ወርዶ ያንኑ መንገድ ይደግማል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ልጅ 6 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ደግሞ የመመለሻውን ብዙውን ክፍል የሚጨርሰው በጨለማ ነው።

ልጅ በእግሩ የሚሄደውን ርቀት በሕግ የወሰኑ አገሮች አሉ፤ የእንግሊዝ የ1944 የትምህርት ሕግ (እ.ኤ.አ.) የእግር መንገድን ወሰን ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች 2 ማይል፣ ለትልልቆቹ 3 ማይል አድርጎ ደነገገ። ከዚያ ለሚበልጠው ርቀት ማመላለሻ የማቅረቡ ኃላፊነት በመንግሥት አካል ላይ ወደቀ። ልኬቱ ከቤት መጀመሩ ትክክል ነው። ደገሀቡር ባለችበት በጀረር ሸለቆ ግን ቤቱ ራሱ ይጓዛል። ሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉን ተከትሎ ሰፈሩን ስለሚቀያይር በጉ ዝናብ ወራት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የነበረ ቤተሰብ በጅላል ደረቅ ወቅት የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ሸለቆው ደርቆ ከርሞ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎርፉ የእግር መንገዱን ይቆርጠዋል።

የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ለዚህ ኑሮ አይመችም። ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚዘልቀው የትምህርት ዓመት በደጋው ክረምት ላይ ይቆማል። በደገሀቡር ሐምሌና ነሐሴ ዋናው የዝናብ ጊዜ አይደሉም፤ ጉ የሚዘንበው ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው ጅላል፣ ማለትም ቤተሰብ ውኃ ፍለጋ የሚርቅበት ጊዜ፣ በትምህርቱ መሃል ይወድቃል። ተማሪው ቀረ ተብሎ ስሙ ሲሰረዝ የቀረበት ምክንያት ከማንም የተሰወረ አይደለም።

በሴት ልጅ ላይ ይህ ርቀት ይበረታል። ከትምህርት በፊት ከቢርካ (የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ) ወይም ከጉድጓድ ውኃ ማምጣት ስላለባት ቀኑ ሳይጀመር ደክማለች። የመንገዱ ደኅንነት የሚያሳስባቸው ወላጆችም መጀመሪያ የሚያስቀሯት እሷን ነው። በሕንድ የቢሃር ክፍለ ግዛት ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 9ኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች ብስክሌት መታደሉ የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባቸውን በ32 በመቶ እንዳሳደገ ጥናት አሳይቷል። የደገሀቡር አሸዋ ብስክሌት አያስኬድም፤ ርቀቱ ሲቃለል ሴት ልጅ ወደ ትምህርት እንደምትመጣ ግን ማስረጃው ይመሰክራል።

ዱግሲ፣ የቁርኣን ትምህርቱ፣ ችግሩን ከመንግሥት ቀድሞ ፈትቶታል፤ መምህሩ ሎሁን፣ ማለትም የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳውን፣ ይዞ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በሦስት ዓመት የሚያስጨርሰው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርትም የሚሠራው ይህንኑ መንገድ ሲከተል ነው። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ልጁ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ወይም በአዳሪ ትምህርት ቤት ማደር አለበት፤ ለዚህ ዕድሜ ሰርቪስ ከመጨመር ይልቅ መኝታና ምግብ መጨመር ይበልጥ ይጠቅማል። ለትንንሾቹ መማሪያ ክፍል የሚሠራበት ቦታ ሲመረጥ ከአስፋልቱ ይልቅ ቢርካው አጠገብ ቢሆን፣ ውኃ ልትቀዳ የምትመጣው ልጅ ጄሪካኗን አስቀምጣ ክፍል መግባት ትችላለች።