ብርቅ ነገርና ምክንያቱ

ሰው ሁሉ ብርቅ ነገር ይወዳል። በየቤቱ ሲገኝ ዞር ብሎ ያላየውን ዕቃ፥ ከገበያ በጠፋ ጊዜ በውድ ዋጋ ሊገዛው ይሻማል። ይህ የሰው ጠባይ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን አስተዋይ ሰው «ስንት ያወጣል?» ከማለቱ አስቀድሞ «ስለ ምን ብርቅ ሆነ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ወርቅ ብርቅ የሆነው ከምድር በጥቂቱ ስለሚገኝ ነው፤ ሌላው ነገር ግን ብርቅ የሚሆነው ሰዎች ስላጠፉት ነው።

ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ በአሜሪካ አገር፥ ብዙ የካምቦዲያ ስደተኞች በሚኖሩባት በሎንግ ቢች ከተማ ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ፥ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛትን አንዲት ትንሽ የዘፈን ሸክላ አሳየኝ። «ጋሼ፥ ብርቅ ናት አሉኝ፤ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ይሰጡባታል» አለኝ። «የማን ድምፅ ነው?» ብለው አላወቀም። ዋጋዋን ለማጣራት ብዙ ደክሞ ነበር፤ የዘፋኙን ስም ግን አልጠየቀም። የሸክላዋ ጽሕፈት በክመር ፊደል ስለ ሆነ እኔም ላነበው አልቻልሁም። ስለዚህ ስለ አገሩ የማውቀውን ነገርሁት።

ካምቦዲያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፥ በታይላንድና በቬትናም መካከል ያለች አገር ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 ወዲህ በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን ዘፈን እጅግ ለምቶ ነበር። እስከ 1970 አገሩን የመሩት ኖሮዶም ሲሃኑክ ራሳቸው ዜማ ይደርሱ ነበር። ወጣቶቹም ከፈረንሳይ የመጣውን ሸክላና በቬትናም የነበረውን የአሜሪካ ጦር ራዲዮ እየሰሙ፥ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ከአገራቸው ዜማ ጋራ አዋሕደው የራሳቸውን ሮክ አወጡ። ሲን ሲሳሙትና ሮስ ሴሬይ ሶቴያ የተባሉት ዘፋኞች በአገሩ ሁሉ የታወቁ ነበሩ። ሚያዝያ 1975 ላይ ግን ክመር ሩዥ ፕኖም ፔንን ያዙ፤ ሕዝቡንም ሁሉ ከከተማው አስወጥተው ወደ ገጠር ነዱት። እስከ ጥር 1979 ድረስ ከ1 ሚሊዮን ተኩል የማያንስ ሰው በረኃብ፥ በበሽታና በግድያ አለቀ። የቀድሞው ዘፈን ተከለከለ፤ ሁለቱም ዘፋኞች በዚያው ጠፍተው ቀሩ።

እንግዲህ ሸክላዋን ብርቅ ያደረጋት ይህ ነው። ዘፈኑን ያቆዩት ስደተኞች ከካሴት ወደ ካሴት እየገለበጡ ነው። በ1996 አንድ መንገደኛ ከካምቦዲያ ከገዛቸው ካሴቶች የተለቀመ «ካምቦዲያን ሮክስ» የሚባል ሸክላ በአሜሪካ ታተመ። የሰማው ሁሉ አደነቀው፤ ነገር ግን በሽፋኑ ላይ የዘፋኞቹም ስም የዘፈኖቹም ርእስ አልተጻፈም ነበር። የሞቱት ሰዎች ድምፅ ተመለሰ፤ ስማቸው ግን በኋላ፥ የሚያውቁ አድማጮች አንድ በአንድ እየለዩ እስኪናገሩ ድረስ፥ ሳይመለስ ቆየ።

ልጁ ወደ ሥራው በተመለሰ ጊዜ ሸክላዋን አብራው ለምትሠራ አንዲት የካምቦዲያ ባልቴት አሳያት። እርሷም የሮስ ሴሬይ ሶቴያን ስም አነበበችለት፤ ዘፈኑንም ሳትሰማው እስከ መጨረሻው በቃሏ አዜመችው። እርሱም ዘፈኑን ገልብጦ ሰጣት፤ በሽፋኑም ላይ የዘፋኟን ስምና የቃሉን ትርጉም ጻፈበት። ሸክላዋን በኋላ ሸጣት ወይም አልሸጣት እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ መሸጥ ነውር አይደለምና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሸክላ ፀሐይ ሲያገኘው ይጣመማል፥ መርፌውም በሄደበት ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይፍቀዋል። የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ያልፋሉ። ስለዚህ በቤትህ አሮጌ ሸክላ፥ ፎቶግራፍ ወይም ደብተር ቢኖር፥ የማን እንደ ሆነ ዛሬውኑ ጠይቀህ በጀርባው ጻፍበት። ዋጋውን ሌላ ጊዜ ነጋዴ ይነግርሃል፤ ስሙን የሚነግርህ ሰው ግን ሁልጊዜ አይገኝም።